ለአንድ ቦታ ሁለት ጸሎት

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ከፍታ» ነበር የሚለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዋለው ከሰው ሁሉ በላይ ነዋ፤ በትዕቢት አይደለም፣ በክሬን ነው። ሌላው ከታች ሲሚንቶ ሲያቦካ፣ እሱ ሃያ ፎቅ ከፍታ ላይ በተንጠለጠለች ጋቢና ውስጥ ሁለት እጀታ ጨብጦ ይቀመጥና የብረቱን እስር እንደ እንቁላል አንስቶ እንደ እንቁላል ያስቀምጠዋል። ጠዋት ጠዋት መሰላሉን ሲወጣ መጸለይ ልማዱ ነበር፤ ጉልበቱ ገና ሳይዝል ለሚስቱ፣ መሃል ላይ ለልጁ፣ ትንፋሹ ሲያጥር ደግሞ ለራሱ። «ከእናንተ ይልቅ ለጌታ የምቀርበው እኔ ነኝ፤ ሌላው ቢቀር በሜትር» እያለ ይቀልድ ነበር።

የሚሠራበት ሕንጻ ገና ከወገቡ ሳያልፍ ኩባንያው ከሰረና ሥራው ቆመ። ክሬኑን ፈታትተው በጭነት መኪና ሲወስዱት ጋሽ ከፍታ አጥር ተደግፎ እስከ መጨረሻው አየ፤ ቀብር ውሎ እንደመጣ ሰው ፊቱ ጠቁሮ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ወር ደጅ ሲጠና ከረመ።

ማመልከቻውን የምትጽፍለት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው ልጁ ነበረች። «አባዬ፣ ‹ልዩ ችሎታ› የሚለው ላይ ምን ልበል?» ትለዋለች።

«ከፍታ አልፈራም በይ።»

«አባዬ! ይሄ እኮ የመጋዘን ጥበቃ ነው። መጋዘኑ ፎቅ እንኳ የለውም።»

«እንግዲያው ዝቅታም አልፈራም በይ» ይላል፤ ይሳሳቃሉ። እሷ ወደ ክፍሏ ስትገባ ግን ሳቁ ፊቱ ላይ አይቆይም። ዝቅታን ይፈራ ነበርና። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነው። የሄደበት ቢሮ ሁሉ ወረቀቱን ያገላብጡና፣ የተወለደበት ዓመት ላይ ሲደርሱ ፈገግ ብለው «እንደውላለን» ይሉታል። በዚያ ዓመት «እንደውላለን» የሚለውን ቃል ከ«አሜን» አብልጦ ሰማው።

ከሁሉ የከበደው ግን የእሑዱ ነገር ነበር። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ምእመናን ጡረታ በወጡ አንዲት ነርስ ቤት ተሰብስበው አብረው ይጸልያሉ፤ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላቸው። በደጉ ዘመን ሥራ ያጣ ሰው ወደዚያ ቤት ሲመጣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም» የሚለው ጋሽ ከፍታ ነበር። አሁን ተራው ደርሶ ሌሎቹ ያንኑ ቃል ለእሱ ሲሉት፣ ለሰው ሲያዝ ኖሮ ራሱ ቀምሶት እንደማያውቅ መድኃኒት መረረው። ሁለት ጊዜ ለፈተና ተጠርቶ ጸልዩልኝ ብሎ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ በሚቀጥለው እሑድ «እህ፣ እንዴት ሆነ?» ሲሉት የሚገባበት ጠፍቶት ነበር።

ስለዚህ ከአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ስልክ ተደውሎ «ለክሬን ኦፕሬተርነት አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ ማክሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ለተግባር ፈተና ይምጡ» ሲባል፣ ለሚስቱ ብቻ ነገረና ለሌላው ሆድ ይፍጀው አለ።

በዚያው እሑድ ሲስተር እንደ ልማዳቸው መነጽራቸውን አውልቀው «እስቲ የጸሎት ርዕስ ያለው ይናገር» አሉ። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ወጣት ጉሮሮውን ጠረገ። ማኅበሩን ከተቀላቀለ ዓመት ያልሞላው፣ ብዙም የማይናገር በያጅ ነው፤ ሚስቱ መንታ ወልዳለታለች።

«እኔ… የዓይን ሐኪም ብየዳውን ተው ብሎኛል» አለ። «ብርሃኑ ዓይኔን ጎድቶታል። ድሮ የሠራሁበት ጋራዥ ትንሽ ክሬን ስለነበር ለምጄ ነበር፤ አንድ ብረታ ብረት ፋብሪካ ለክሬን አመልክቼ ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ና ተብያለሁ። ቦታው አንድ ነው። ጸልዩልኝ።»

ጋሽ ከፍታ ደሙ ወደ ጆሮው ሲወጣ ተሰማው። አሁን ነበር መናገር። «ወንድሜ፣ እኔም ተጠርቻለሁ» ማለት፤ አራት ቃል አይሞላም። ግን አፉ ተለጎመ።

«በሉ የሙያው ሰው እያለ ሌላ ምን ያስፈልጋል» አሉ ሲስተር ፊታቸው በርቶ። «ጋሽ ከፍታ፣ አንተ ጸልይለት።»

ተነሣ። እጁን በወጣቱ ትከሻ ላይ ጭኖ ጸለየ። ቃሉ ሳይደናቀፍ ፈሰሰለት፤ የዓይኑን ነገር አልረሳም፣ መንታዎቹንም አልረሳም። «ፈቃድህ ከሆነ» የሚለውን ግን ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ ለምን እንደደጋገመውም ያውቃል። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። በያጁ እጁን ይዞ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ልቤ አረፈ» ሲለው፣ ጋሽ ከፍታ ጫማውን የሚፈልግ መስሎ አቀረቀረ።

ማታ ሚስቱ የሆነውን ሁሉ ከሰማች በኋላ የምታጥፈውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ነገርከው?»

«ማንን?»

«አትቀልድብኝ።»

«ጸለይኩለት አልኩሽ እኮ።»

«ምን ብለህ?»

«ፈቃድህ ከሆነ ብዬ።»

«አይ አንተ!» አለች፤ ሳቋ መጣባትና ተወችው። «ፈቃዱ እንዳይሆን ለመንክ በለኛ። ስልኩ ያው። ደውልለት።»

«ልጁን ከፈተና በፊት ለምን ልረብሸው?» አለ። ምክንያቱ ለራሱም ጆሮ ቀጭን ነበር። አልደወለም።

ማክሰኞ ጠዋት ሸሚዙን አስተኩሶ፣ የድሮ የሥራ ጫማውን ወልውሎ ሄደ። የፋብሪካው በር ላይ ስሙን አስመዝግቦ ወደ አዳራሹ ሲገባ፣ ግድግዳ ሥር ባለች ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ በያጁ ብቻውን ተቀምጧል። ሲያየው ብድግ አለ። ፊቱ በደስታ ፈካ።

«ጋሼ! ለእኔ ብለው እዚህ ድረስ መጡ? እንዴ፣ በስመ አብ!»

ጋሽ ከፍታ በሕይወቱ ያን ያህል ዝቅ ብሎ አያውቅም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና «የለም ልጄ» አለ። «እኔም ተጠርቼ ነው።»

በያጁ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። «ለ… ለዚሁ ቦታ?»

«ለዚሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ያውቁ ነበር?»

«ካለፈው ዓርብ።»

ወጣቱ ጣቶቹን መቁጠር አላስፈለገውም። ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ተጠግተው ተቀመጡ፤ በመሃላቸው ግን አንድ ሰፈር የሚያህል ክፍተት ነበር። ቀድሞ የተናገረው በያጁ ነው፤ ጣሪያው ሥር በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ክሬን እያየ።

«ጋሼ፣ ይሄ ክሬን ጋቢና የለውም፤ ከታች ሆነው በሪሞት ነው የሚያዙት። ቁልፉ ሁለት እርከን አለው። ግማሹን ሲጫኑት በዝግታ፣ እስከ ታች ሲጫኑት በፍጥነት ነው። እንዳያስደነግጥዎት ቀስ ብለው ይጀምሩ።»

ጋሽ ከፍታ ባዶ መዳፉን በአውራ ጣቱ መጀመሪያ ግማሽ፣ ከዚያ እስከ ታች ተጫን ተጫን አደረገ።

የሚፈትናቸው ፎርማን አጭር፣ ድምፁ ግን ከማሽን የሚበልጥ ሰው ነበር። ፈተናው አንድ እስር ላሜራ ከዚህ አንስቶ፣ በሁለት ምሰሶ መካከል አሳልፎ፣ ወለሉ ላይ በተቀባ ነጭ ሣጥን ውስጥ ማሳረፍ ነው። ጋሽ ከፍታ ቀድሞ ገባ። ዓይኑ ያው የድሮ ዓይን ነው፤ ርቀቱን አልሳተም። ጣቶቹ ግን ረጃጅሙን እጀታ ሲፈልጉ ትንንሾቹ ቁልፎች ላይ ይደናቀፋሉ። በያጁ የነገረውን ባያስታውስ ኖሮ ምሰሶውን ይዞት ይሄድ ነበር። ያም ሆነ ይህ ሣጥኑ ውስጥ አሳረፈው፤ ላቡን ጠርጎ ከቢጫው መስመር ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ።

የበያጁ ተራ ሆነ። የፋብሪካው ጭነት አሳሪ ሌላ እስር በሁለት የማንሻ ቀበቶ ጠፍሮ መንጠቆው ላይ ሰቀለለት። በያጁ ቁልፉን ጫን አደረገ፤ እስሩ ከመሬት ተነሥቶ ወገብ ደረሰ፣ ከሰው ራስ አለፈ። እጁ የተረጋጋ ነው፤ ከጋሽ ከፍታ ይልቅ ያምራል። ጋሽ ከፍታ ቦታው ከእጁ ሲሄድ እያየ ነበር።

ያኔ ነው ቀበቶውን ያየው። የኋለኛው ቀበቶ፣ የላሜራው ስለት ከሚያርፍበት ላይ፣ ጫፉ ተንጨፍርሮ ነጭ ክር አውጥቷል። ክሩ እያየው ረዘመ። አሳሪው ደግሞ እስሩን በእጁ እየመራ ከሥሩ ጥግ ጥጉን ይሄዳል።

በኋላ ለሚስቱ ሲያወራ «ሁለት ቅጽበት አሰብኩ» አላት። «በመጀመሪያው፣ ብጮህ የልጁን ፈተና አበላሸሁ፣ ቀናበት ይሉኛል አልኩ። በሁለተኛው አፈርኩ።»

«ቁም!» ብሎ ጮኸ። «ቁም! አንተ፣ ከሥሩ ውጣ!»

በያጁ ጣቱን ወዲያው አነሣ። እስሩ አየር ላይ ተወዛወዘ። አሳሪው ወደ ኋላ ዘለለ። ፎርማኑ ደም ሥሩ ተገታትሮ ዞረ፤ «አንተን ማን አናገረህ? ተራህ አልፏል!»

«ቀበቶው ተቀዷል ጌታው። ቀስ ብሎ ያውርደውና ይዩት።»

አወረዱት። ፎርማኑ ተንበርክኮ ቀበቶውን በጣቱ ገለጠው፤ ግማሹ አልቋል። አሳሪው ሄዶ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አዲስ ቀበቶ መጥቶ ፈተናው እንደገና ሲጀመር ግን የበያጁ ዓይን ከነጩ ሣጥን ይልቅ ወደ ቀበቶው ይመለስ ነበር። እስሩን አጣሞ አሳረፈው፤ አንዱ ማዕዘን ከነጩ ሣጥን ወጣ። ፎርማኑ ወረቀቱ ላይ ጻፍ ጻፍ አደረገና «በስልክ እናሳውቃለን» ብሎ አሰናበታቸው።

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ አብረው ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ በያጁ ፊቱን ሳያዞር «ጋሼ፣ ቀበቶው መቀደዱን በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። «የአሳሪውን ሕይወት አትርፈዋል። አውቃለሁ። ግን እሑድ ዕለት ቢነግሩኝ ኖሮ፣ ዛሬ ሲጮኹ ልቤ ሌላ ነገር ባላሰበ ነበር።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ወጣቱ ተሳፍሮ ሄደ።

በማግስቱ ሚስቱ ወደ ሥራ፣ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቤቱ ጭር አለ። ጋሽ ከፍታ ያደረ ሰሐን ሊያጥብ ተነሥቶ፣ ወጥ ቤቱ መሃል እጁ ውሃ እያንጠባጠበ ቆመ። ብዙ ዘመን የጸለየ ሰው ነው፤ ያን ጠዋት ግን ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። በመጨረሻ «ጌታዬ» አለ ጮክ ብሎ፤ «ቦታውን እፈልገዋለሁ። በጣም እፈልገዋለሁ። ለዚያ ወጣት ጸለይኩ ያልኩህ ውሸት ነው። በሰው ፊት አሜን አስባልኩና አንተን ላታልል ሞከርኩ፤ ሞኝነቴን እየው። ፍርሃት ይዞኝ ነው። ከእንግዲህ የማልጠቅም ሰው እንዳልሆን ፈርቼ ነው።» ከዚያ በላይ ቃል አልመጣለትም፤ እንባ መጣለት። ሰሐኑን አጥቦ ጨረሰ። ልቡ ከአሥራ አንድ ወር ወዲህ እንደዚያ ቀልሎት አያውቅም፤ የሚገርመው ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ወደ በያጁ ቤት ሄደ። ወጣቱን ግቢ ውስጥ የመንታዎቹን ጨርቅ ገመድ ላይ ሲያሰጣ አገኘው። ጋሽ ከፍታ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ፤ ቢቀመጥ ወኔው እንዳይከዳው ሰግቶ።

«ልጄ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። እሑድ ዕለት ደብቄሃለሁ። የጸለይኩትም ከአንገት በላይ ነው። እንዳታልፍ ነበር የምፈልገው።»

በያጁ በእጁ የያዘውን ጨርቅ ደጋግሞ ጨመቀው፤ ውሃ ግን አልነበረውም።

«ዛሬ ጠዋት ደወሉልኝ ጋሼ» አለ በቀስታ። «አልፌያለሁ። ፎርማኑ ‹ያጣመምከውን አይቻለሁ፤ ግን ቁም ሲባል ወዲያው የሚቆም ሰው ነው የምፈልገው› አለኝ።»

ጋሽ ከፍታ አጠገቡ ባለው በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ነገሩ እንደ ጡጫ ነበር ያረፈበት። ቀስ እያለ ግን፣ ከሕመሙ ሥር፣ ያልጠበቀው ነገር ተሰማው፤ ደስ አለው። ሙሉ ደስታ አልነበረም፤ ግማሽም ላይሞላ ይችላል። ግን የእውነት ነበር። «እንኳን ደስ ያለህ» አለው፤ ድምፁም አልተሰበረም።

«እኔም ልንገርዎት» አለ በያጁ ጎንበስ ብሎ። «ማክሰኞ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ፣ ‹ሽማግሌ ነው፣ አይመርጡትም› እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር።»

ጋሽ ከፍታ አፍጥጦ አየው፤ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። «ሽማግሌ! አንተ ባለጌ!» ወጣቱም ሳቀ፤ ከቤት ውስጥ አንደኛው ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ፣ ሁለተኛው ተከተለው። ሁለቱ ሰዎች አንዳንድ ሕፃን ታቅፈው ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ ጸለዩ። ጋሽ ከፍታ በዚያ ጸሎት «ፈቃድህ ከሆነ» አላለም። «ዓይኑን ጠብቅለት፣ ሥራውን ባርክለት» አለ። በያጁ ደግሞ «ለጋሼም ሥራ ስጠው፤ ቶሎ ስጠው» አለ።

ቶሎ አልመጣም። ሦስት ሳምንት አለፈ። ጋሽ ከፍታ ሌላ ሁለት ቦታ ሄዶ ሌላ ሁለት «እንደውላለን» ሰምቶ መጣ። በአንዱ እሑድ የሆነውን ሁሉ ማኅበሩ ፊት ሳይደብቅ ተናገረ። ሲስተር መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩና «እኔም ሳላጣራ ጸልይ ያልኩህ ጥፋተኛ ነኝ» አሉ። ሰው ሁሉ ሥራ ለሚፈልገው ወንድማቸው ተነሥቶ ጸለየ። ጋሽ ከፍታ ያን ዕለት አላፈረበትም።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት፣ በያጁ የፋብሪካውን ሄልሜት እንኳ ሳያወልቅ እያለከለከ በሩ ላይ ደረሰ።

«ጋሼ! ፎርማኑ ያንን የጮኸውን ሰውዬ አምጣልኝ አለ። ስልክዎት የተጻፈበት ወረቀት ጠፍቶበት ሰነበተ!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ በግምጃ ቤቱ ያለው ቀበቶና ሰንሰለት ሁሉ ሲመረመር ብዙው የሚጣል ሆኖ ተገኘ። ጭነት አሳሪዎቹን ያስተማራቸው ሰው የለም፤ አንዱ ከሌላው እያየ የለመደ ነው። ፎርማኑ መሣሪያውን በየቀኑ የሚፈትሽና አሳሪዎቹን የሚያሠለጥን ሰው ፈለገ፤ ለጊዜው ለሦስት ወር። ጋሽ ከፍታ ፊቱ ሲቆም ገላምጦት «ሪሞቱን አትችልበትም» አለው። «ዓይንህ ግን ይጠቅመኛል። መሬት ላይ መሥራት ትችላለህ?»

«ልማር» አለ ጋሽ ከፍታ።

ሰኞ ጠዋት ስድስት ጭነት አሳሪዎች ፊቱ ተሰለፉ። ያ የተረፈውም መሃላቸው ነበር፤ ቁመቱ በር የሚያክል፣ ድምፁ የጫጩት። ጋሽ ከፍታ በመጀመሪያ ያስተማራቸው ቀበቶን በጣት እየዳሰሱ ማየት ነው፤ ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋልና። ቀጥሎ አንድ በአንድ «ቁም» ብለው እንዲጮኹ አዘዘ። አፈሩ። ትልቁ ሰውዬ ተራው ሲደርስ «ቁም…» አለ በሹክሹክታ፤ ሁሉም በሳቅ ወደቁ። «ወንድሜ፣ በዚህ ድምፅ ዝንብ እንኳ አይቆምልህም» አለው ጋሽ ከፍታ። በአምስተኛው ሙከራ ሰውየው ድምፁን ጣሪያው እስኪያስተጋባ ለቀቀው፤ ከአዳራሹ ማዶ በያጁ ደንግጦ ክሬኑን አቆመ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ሲገባ ሱሪው በግራሶ ተለውሷል። ልጁ በሩን ከፈተችና ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«አባዬ፣ እንዴት ነበር?»

«እግሬን አልቻልኩትም» አለ ወንበሩ ላይ እየተዘረጋ። «ዕድሜ ልኬን ተቀምጬ ስሠራ ኖሬ፣ ለካ ሰው ቆሞ ነው የሚውለው።»

ሚስቱ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አምጥታ እግሩ ሥር አኖረችለት። «ሦስት ወር ሲያልቅስ?» አለችው፤ ለመጨቃጨቅ አይደለም፣ እንዲያው ሐሳቡን ልታውቅ።

«አላውቅም» አለ እግሩን ውሃው ውስጥ እየከተተ። «ነገ ግን በአንድ ሰዓት ተኩል መድረስ አለብኝ። ስድስቱም ይጠብቁኛል።»